ጠባሳንና ለምጽን በንቅሳት ስለ መሸፈን፦ ለአንዲት ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

«ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ። የ31 ዓመት ሴት ነኝ። ልጅ ሳለሁ የፈላ ውኃ ክንዴ ላይ ፈስሶብኝ ከክርኔ በታች መዳፍ የሚያህል ጠባሳ ቀርቶብኛል፤ ጠፍጣፋ ነው፣ አያመኝም፣ ከቀሪው ቆዳዬ ግን በጣም የነጣ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ደግሞ ለምጽ ጀመረኝ። አሁን በከንፈሬ ዳርና በሁለቱም እጆቼ ጣቶች ላይ ይታያል፤ ከአምስት ወር በፊት ወድቄ ጉልበቴ በተላጠበት ቦታም ቁስሉ ሲድን ነጭ ሆኖ ቀረ። የቆዳ ሐኪም ለምጽ መሆኑን አረጋግጦ ቅባት ሰጥቶኝ ነበር፤ ለውጥ ስላላየሁበት ከሁለት ወር በኋላ ተውኩት። መሸፈኛ ክሬም እቀባለሁ፤ እጄን በታጠብኩ ቁጥር ስለሚለቅ ሰልችቶኛል። ቅንድብ በንቅሳት የምትሠራ ባለሙያ የቆዳዬን ቀለም አመሳስላ ሁሉንም በአንድ ቀን እንደምትሸፍንልኝ፣ ከዚያ በኋላም ለዘለቄታው እንደማይለቅ ነግራኛለች። እኅቴ ‹ራስሽን ተቀበይ፣ ምን አስጨነቀሽ› ትለኛለች። ጆሮዬን ስበሳ ጠባሳው አብጦና ጠጥሮ በመርፌ እንደታከምኩም ልጨምር። እግሬ ላይ የጠቆረ የቁስል ምልክት ስላለኝ እግረ መንገዴን እሱንም ላስነካው ወይ? ይህ ነገር በእውነት ይሠራል? ወይስ በኋላ እቆጭበታለሁ?»

ውድ ጠያቂያችን፣

መልሱን ወደ መጨረሻ ከማቆየት ይልቅ በመጀመሪያ መናገሩ ይሻላል፤ አሁን ባሉበት ሁኔታ ንቅሳቱን እንዳያሠሩ አጥብቄ እመክርዎታለሁ። ይህን የምለው ንቅሳት ጠባሳን መሸፈን አይችልም ብዬ አይደለም። ይችላል፤ የክንድዎ ጠባሳም ለብቻው ቢታይ ለዚህ ሥራ ከሚመቹት ወገን ነው። እንዲቆዩ የምለምንዎ በደብዳቤዎ ውስጥ እንደ ቀላል ነገር አንሥተው ስላለፉት ጉልበትዎ ነው። የተላጠ ቆዳ ነጭ ሆኖ መዳኑ ለምጹ ገና እየሠራ እንደሆነና ቆዳዎ ለቁስል በአዲስ ነጭ ምልክት የሚመልስ መሆኑን አጥብቆ ያስጠረጥራል፤ ንቅሳት ደግሞ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን የመርፌ ቁስሎች ማለት ነው።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት ስለ እኅትዎ ምክር አንድ ነገር ልበል። ምክሩ ከፍቅር እንደመጣ አልጠራጠርም፤ ሆኖም ራስን መቀበልና ጠባሳን መሸፈን የሚጣሉ ነገሮች አይመስሉኝም። በካንሰር ምክንያት ጡታቸው ተወግዶ በቀዶ ሕክምና እንደገና የተሠራላቸው ሴቶች የጡት ጫፍ ቀለምና ቅርጽ በንቅሳት እንዲሣልላቸው ሲጠይቁ፣ ሐኪሞች ይህን የሕክምናው የመጨረሻ ክፍል አድርገው ያዩታል እንጂ ማንም ራሳችሁን አልተቀበላችሁም አይላቸውም። በየቀኑ የማያውቁት ሰው እጅዎን አይቶ ዓይኑን ሲያቆይ የሚሰማዎት ድካም እውነተኛ ነው፤ ያን ድካም ለመቀነስ መፈለግዎም ማስተባበያ የሚያስፈልገው ነገር አይደለም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የሚያርፈው በጊዜው፣ በቦታውና በሚሠራው እጅ ላይ ነው፤ ፍላጎትዎን ለመፍረድ አልመጣሁም።

ሥራው በቆዳ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ቢያውቁ የሚነግሩዎትን ሁሉ ራስዎ መመዘን ይችላሉ። የላይኛው የቆዳ ንብርብር በየአራት ሳምንቱ ገደማ ራሱን ስለሚያድስ፣ በዚያ ላይ የተቀመጠ ቀለም ከሚረግፉት ሕዋሳት ጋር ይሄዳል። ስለዚህ መርፌው ያን ንብርብር አልፎ፣ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ጥልቀት፣ በሁለተኛው ንብርብር የላይኛው ክፍል ውስጥ ቀለሙን ያኖረዋል። ሰውነት ቀለሙን ባዕድ ነገር አድርጎ ስለሚቆጥረው የመከላከያ ሕዋሳት ይውጡታል፤ ሊፈጩት ግን አይችሉም። አንዱ ሕዋስ ሞቶ የለቀቀውን ቀለም ሌላው እየተቀበለ ይውጠዋል፤ ንቅሳት ለዓመታት የሚቆየውም በዚህ ቅብብል ነው። ሜላኒን የምንለው የተፈጥሮ ቀለማችን ያለው ግን ከዚያ በላይ፣ በላይኛው ንብርብር ውስጥ ነው። ስለሆነም የተነቀሰ ቀለም ምንጊዜም የሚታየው በላዩ ያለውን ቆዳ አሻግሮ ነው።

የእግርዎን የጠቆረ ምልክት ጉዳይ በዚሁ ልዝጋው። ጥቁረቱ የመጣው ቁስሉ ሲድን ከተጠራቀመ ሜላኒን ከሆነ፣ ከሥሩ የሚገባ ፈካ ያለ ቀለም በላዩ ያለውን ጥቁረት ሊያሸንፈው አይችልም፤ የመርፌው ጉዳት ደግሞ ይበልጥ ሊያጠቁረው ይችላል። ንቅሳት የነጣውን ወደ ቆዳ ቀለም ያቀርባል፤ የጠቆረውን ግን ማፍካት አይሆንለትም። እግርዎን ከፀሐይ ይጠብቁት፣ ለሐኪም ያሳዩት፣ መርፌ ግን አያስነኩት።

የክንድዎ ጠባሳ ግን የተለየ ነው። ጠባሳ ለንቅሳት የሚደርሰው ቅላቱ፣ ማሳከኩና ማበጡ አቁሞ፣ ቀለሙም ቅርጹም መለወጥ ሲተው ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር ይወስዳል። የእርስዎ ጠባሳ ይህን ጊዜ ከብዙ ዓመት በፊት አልፎታል፤ ጠፍጣፋ በመሆኑና ከቆዳዎ የነጣ በመሆኑም ሁኔታው መልካም ነው። ይሁን እንጂ ንቅሳት ቀለምን እንጂ ገጽን አይለውጥም። በቃጠሎ ጠባሳ ላይ የላብ ቀዳዳዎችና ፀጉር፣ እንዲሁም ጤነኛ ቆዳን የሚሸፍኑት ረቂቅ መስመሮች ስለሚጠፉ ወይም ስለሚሳሱ፣ ብርሃን ከጎን ሲመታው ያብረቀርቃል፤ ቀለሙ የቱንም ያህል ቢመሳሰል ያ ብልጭታ አይጠፋም። በመንገድ የሚያልፍዎ ሰው ላያስተውለው ይችላል፤ አጠገብዎ ተቀምጦ የሚያወራዎ ሰው ግን ክንድዎን ቢመለከት ያየዋል። ብዙ ሰዎች ይህ ልዩነት ይበቃቸዋል፤ ዓይን የሚስበው ከሁሉ በፊት የቀለም ልዩነት ስለሆነ፣ እርሱ ሲለዝብ ጠባሳው ራሱ ያነሰ ይመስላቸዋል። ፈጽሞ እንዲጠፋ የሚጠብቅ ሰው ግን ያዝናል፤ እንዲያ የሚል ተስፋ የሚሰጥ ባለሙያም እውነቱን እየተናገረ አይደለም።

የጠባሳ ሥጋ ከጤነኛ ቆዳ በተለየ አኳኋን የተገመደ ስለሆነ ቀለምን የሚቀበለውም ወጥ ባልሆነ መንገድ ነው። አንዱ ጥግ ቀለሙን ሲተፋ ሌላው ከሚገባው በላይ ይይዛል፤ አንዳንዴም ቀለሙ ከታሰበው ቦታ አልፎ ይሰራጫል። ከሚገባው በላይ ጠልቆ የገባ ቀለም ደግሞ ወደ ሰማያዊነት ወይም ወደ ግራጫነት ያደላ ሆኖ ይታያል። ልምድ ያለው ባለሙያ ስለዚህ ጠባሳውን በአንድ ቀለም አይሞላውም። ጤነኛ ቆዳም በቅርብ ሲታይ አንድ ወጥ ቀለም ስለሌለው፣ ቀላ ያለውን፣ ቢጫማውንና ጠቆር ያለውን በነጠብጣብ እያፈራረቀ፣ ወደ ዳር ሲደርስም እያሳሳ ይሠራዋል፤ መጀመሪያም ሆን ብሎ ከሚፈለገው ፈካ ያለ ቀለም ይመርጣል፤ ማጥቆር ሁልጊዜ ይቻላል፣ የጠቆረውን መመለስ ግን አስቸጋሪ ነውና።

አሁን ወደ ጉልበትዎ ልመለስ፤ የምክሬ ሁሉ መሠረት እርሱ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሃይንሪክ ኮብነር የተባሉ ጀርመናዊ የቆዳ ሐኪም፣ ሶሪያሲስ የተባለው የቆዳ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ጤነኛ የነበረ ቆዳ ሲቆስል ሕመሙ በዚያው በቆሰለው ቦታ ብቅ እንደሚል አስተዋሉ። ክስተቱ ዛሬም በስማቸው ይጠራል፤ ለምጽ ባለባቸው ብዙ ሰዎች ላይም ይታያል። ለምጽ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ሜላኒን የሚሠሩትን ሕዋሳት እንደ ጠላት ቆጥሮ የሚያጠፋበት ሕመም ነው። ቆዳ ሲላጥ፣ ሲቆረጥ፣ ሲቃጠል ወይም በመርፌ ሲወጋ የመከላከያ ሕዋሳት ወደዚያ ይጎርፋሉ፤ ሕመሙ በሚሠራበት ወቅት ከእነዚህ መካከል ቀለም ሠሪዎቹን የሚያጠቁ አሉባቸው። በእርግጥ ማንኛውም ቁስል ሲድን ለጊዜው ሊነጣ ይችላል፤ ሐኪም ልዩ የአልትራቫዮሌት መብራት አብርቶ ሲያየው ለምጽ እንደ ኖራ ደምቆ ስለሚታይ ብዙ ጊዜ ሁለቱን መለየት ይችላል። አምስት ወር ያልተመለሰ ንጣት፣ ለዚያውም ለምጽ ባለበት ሰው ላይ፣ እኔን ያሳስበኛል፤ እስኪረጋገጥ ድረስም ለምጽ ነው ብሎ መጠንቀቁ ይሻላል።

ይህ ለክንድዎ ምን ማለት እንደሆነ ያስቡት። ባለሙያዋ የጠባሳውን ዳር ከጤነኛው ቆዳ ጋር ለማዋሐድ ጤነኛውንም ቆዳ መንካቷ አይቀርም። በዚያ ቆዳ ላይ ለምጽ ከተነሣ፣ ተሸፈነ የተባለው ጠባሳ ዙሪያውን በነጭ ቀለበት ተከብቦ ይቀራል፤ እርሱን ለመሸፈን ሌላ መርፌ፣ ከዚያም ሌላ ቀለበት ሊከተል ይችላል። ጠባሳን ለማለስለስ የሚሰጡ የሌዘርና ቆዳን በመርፌ የመቀስቀስ ሕክምናዎችም ቆዳን የሚያቆስሉ ስለሆኑ ለጊዜው ይቆዩ። ጠባሳው ምንም እንኳ ከለምጹ ጋር ባይገናኝ፣ የሚገኘው በዚያው በእርስዎ ሰውነት ላይ በመሆኑ የለምጹን መርጋት መጠበቅ ግድ ሆኖበታል።

በከንፈርዎና በጣቶችዎ ላይ ያለው ለምጽማ ይበልጥ ግልጽ ነው። እየሰፋ ያለን ለምጽ መነቀስ፣ ወሰኑ ባልረጋ መሬት ላይ አጥር እንደማጠር ነው፤ ዛሬ እስከ ዳሩ ድረስ በትክክል የተሞላው ምልክት፣ ለምጹ ትንሽ ሲገፋ የቆዳ ቀለም ያለው ደሴት በነጭ መካከል ሆኖ ይታያል፤ ያም ከመጀመሪያው ይልቅ ዓይን ይስባል። የዚህ ተቃራኒም ሊሆን ይችላል። ሕክምናው ሠርቶ የተፈጥሮ ቀለም ተመልሶ ከመጣ፣ በተነቀሰው ቀለም ላይ ሲደረብ ከአካባቢው የጠቆረ ነቁጥ ይፈጥራል። ሐኪሞች ለምጽ ረግቷል የሚሉት ቢያንስ ለ12 ወራት አዲስ ምልክት ሳይወጣ፣ የነበረው ሳይሰፋ፣ የቆሰለም ቦታ ሳይነጣ ሲቀር ነው፤ ሁለት ዓመት ካልሞላ መርፌ አናስነካም የሚሉም አሉ። የእርስዎ ቆጠራ ከጉልበትዎ በኋላ ገና እየጀመረ ነው።

እስከዚያ ግን እጅዎን አጣጥፈው አይቀመጡም። ቅባቱን በሁለት ወር መተውዎን ሳነብ አዘንኩ፤ በጣም ቶሎ ነው የተዉት። ለለምጽ የሚሰጡ የስቴሮይድ ቅባቶችም ሆኑ ታክሮሊመስ የተባለው ቅባት ውጤታቸው መታየት የሚጀምረው ከወራት በኋላ ነው። 311 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ባለው አልትራቫዮሌት ብርሃን የሚሰጠው ሕክምናም በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይወሰዳል፤ ሠርቷል ወይስ አልሠራም ለማለት ብዙውን ጊዜ ስድስት ወር ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ሩክሶሊቲኒብ የተባለ ክሬም 12 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው፣ በሁለቱም የሰውነት ጎን የሚታየው ዓይነት ለምጽ ላለባቸው ሰዎች በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ተፈቅዷል። ሕመሙ በፍጥነት እየሰፋ ከሆነ ግስጋሴውን ለመግታት ለተወሰነ ጊዜ የሚዋጥ መድኃኒት የሚያዝዙ ሐኪሞችም አሉ፤ ይህን ግን ያለ ሐኪም ክትትል ፈጽሞ መሞከር አይገባም። ለምጽ ካለባቸው ሰዎች መካከል የታይሮይድ ዕጢ ሕመም ከሌላው ሰው ይልቅ ስለሚበዛ፣ የደም ምርመራውን በዚያው ቢጠይቁ ጥሩ ነው።

ከሕክምናው ምን እንደሚጠበቅ አስቀድሞ ማወቁ ተስፋ ከመቁረጥ ያድናል። የሚመለሰው ቀለም በአብዛኛው የሚመነጨው በፀጉር ሥር ተደብቀው ከተረፉ ቀለም ሠሪ ሕዋሳት ነው፤ በነጣው ቆዳ ላይ በመጀመሪያ ትናንሽ ነጠብጣቦች የሚታዩትም ስለዚህ ነው። ፊት በደንብ ይመልሳል። ከንፈርና የጣት ጫፍ ግን ፀጉር ስለሌላቸው እምብዛም አይመልሱም፤ በነጣው ቦታ ላይ ያለው ፀጉር ራሱ ከነጣም የመመለስ ዕድሉ ያነሰ ነው። ስለዚህ ለምጹ ረግቶ፣ ሕክምናውም የቻለውን ሰጥቶ ካበቃ በኋላ፣ ንቅሳት በትክክል የሚታሰብባቸው ቦታዎች እነዚሁ መድኃኒት ያልደረሰባቸው ናቸው። ከንፈር ላይ ሲሠራ መልካም ውጤት የሚገኝበት ጊዜ አለ፤ ከዚህ በፊት ከንፈርዎ ላይ ውኃ የቋጠረ ቁስል ወጥቶብዎት የሚያውቅ ከሆነ ግን መርፌው ያን ቁስል የሚያመጣውን ቫይረስ ሊቀሰቅሰው ስለሚችል አስቀድሞ የሚወሰድ መድኃኒት እንዲታዘዝልዎት ለሐኪሙ ይንገሩ። ጣቶች ላይ ግን ብዙ አይጠብቁ፤ ቀለም እዚያ ቶሎ ይደበዝዛል።

በዚህ አጋጣሚ፣ ነጭ ምልክት እያለባቸው ሐኪም ሳያዩ ወደ ነቃሽ ለመሄድ ለሚያስቡ ሌሎች አንባቢዎችም አንድ ቃል አለኝ። ነጭ ሁሉ ለምጽ አይደለም፤ ቋቁቻ በመድኃኒት ይድናል፣ ስሜት የጠፋበት የነጣ ቆዳ ደግሞ የሥጋ ደዌ ምልክት ሊሆን ስለሚችል በቶሎ መታከም አለበት። ያልታወቀን ሕመም በቀለም መሸፈን ሐኪም የሚያይበትን ምልክት መሰወር ነው።

የጆሮዎን ነገር መጨመርዎ እጅግ ጠቃሚ ነው። ያበጠውና የጠጠረው ጠባሳ በመርፌ የታከመ ከሆነ ኬሎይድ ሊሆን ይችላል፤ ይኸውም ከቁስሉ ወሰን አልፎ የሚያድግ ጠባሳ ሲሆን፣ ቆዳቸው ጠቆር ባሉ ሰዎች ላይ ይበልጥ ይታያል። የጆሮ ጫፍ፣ ደረት፣ ትከሻና የላይኛው ጀርባ ለኬሎይድ የተጋለጡ ናቸው፤ ክንድ ከእነዚህ ያነሰ ያሰጋል። የቃጠሎው ጠባሳ ራሱ ጠፍጣፋ ሆኖ መዳኑም ያበረታታል። ቢሆንም ይህን ታሪክዎን ሳይጠይቅ መርፌ የሚያነሣ ባለሙያ አይመኑ፤ የሐኪሙም አስተያየት ሳይገኝ አይጀመር።

ባለሙያዋ ከሰጠችዎት ተስፋዎች መካከል «በአንድ ቀን» የሚለው በመጀመሪያ ሊያስጠነቅቅዎት ይገባል። ትክክለኛው አካሄድ በጠባሳው ላይ በማይታይ ጥግ ጥቂት ነጠብጣቦችን መሞከርና መጠበቅ ነው። አዲስ የተነቀሰ ቀለም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጠቁሮ ይታያል፣ ከዚያ ቅርፊቱ ሲነሣ ይፈካል፤ እውነተኛ ቀለሙ የሚታወቀው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በኋላ ነው። ለምጽ ላለበት ሰው ደግሞ በሙከራው ዙሪያ ንጣት አለመከተሉን ለማየት ሦስት ወር መታገሡን እመርጣለሁ። ከዚያም ሥራው በሳምንታት ልዩነት በሁለት፣ በሦስት ወይም ከዚያ በላይ ቀጠሮ ይከናወናል፤ ጠባሳው በየጊዜው የተቀበለውንና የተፋውን እያዩ መጨመር ስለሚያስፈልግ።

«ለዘለቄታው አይለቅም» የሚለውም ትክክል አይደለም፤ እውነቱ ደግሞ ከሁለቱም ወገን ያስቸግራል። ለቆዳ ቀለም የሚውሉት በአብዛኛው የብረት ኦክሳይድና ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ድብልቆች ናቸው። በዓመታት ውስጥ ይደበዝዛሉ፤ የድብልቁ ክፍሎች የሚጠፉበት ፍጥነት የተለያየ ስለሆነም ቀለሙ ወደ ብርቱካናማ፣ ወደ ሐምራዊ ወይም ወደ ግራጫ ሊያዘነብል ይችላል፤ ስለዚህ በየጥቂት ዓመቱ መታደስ ያስፈልገዋል። ሜላኒን ስለሌለውም ፀሐይ ሲመታው አይጠቁርም፤ ዙሪያው ያለው ቆዳ ግን ይጠቁራልና በፀሐያማ ወራት ልዩነቱ ይገለጣል። የመከላከያ ቁጥሩ 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ ክሬም ጠባሳውን ብቻ ሳይሆን ክንዱን በሙሉ መቀባት ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን፣ ያልወደዱትን ቀለም ማስወገድ በጣም ከባድ ነው። የብረት ኦክሳይድና ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ያለባቸው የቆዳ መሰል ቀለሞች ሌዘር ሲነካቸው በኬሚካላዊ ለውጥ ወዲያውኑ ወደ ጥቁር ወይም ወደ ግራጫ ሊለወጡ ይችላሉ። ጥቁር ንቅሳትን የሚያጠፋው መሣሪያ እርስዎን የባሰ ምልክት ሊያተርፍዎት ይችላል ማለት ነው፤ ሌዘሩም ራሱ ቆዳን ያቆስላል። «ካልወደድሽው በሌዘር ይነሣል» የሚል ማጽናኛ ቢሰሙ አይቀበሉት። ልብ ያለ ሰው ይህን ሥራ እንደማይመለስ አድርጎ ቆጥሮ ነው የሚወስነው።

ስለ ቀለሙና ስለ መርፌው ንጽሕና ማንም አያቅልልብዎት። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ወደ ቆዳ ውስጥ እንዲገባ የፈቀደው አንድም የንቅሳት ቀለም የለም፤ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ በንቅሳት ቀለሞች ውስጥ ባሉ በሺዎች በሚቆጠሩ ኬሚካሎች ላይ ገደብ ጥሏል። እ.ኤ.አ. በ2011 እና በ2012 በአሜሪካ ንቅሳት የተሠሩ ሰዎች ፋብሪካ ውስጥ በተበከለ ቀለም ምክንያት ማይኮባክቴሪያ በተባለ ባክቴሪያ ተይዘው ረዥም ሕክምና አስፈልጓቸዋል፤ ነቃሹ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን ጠርሙሱ ራሱ ሊበከል ይችላል ማለት ነው። የማይጸዳ መርፌ ደግሞ ሄፓታይተስ ቢን፣ ሄፓታይተስ ሲንና ኤችአይቪን ሊያስተላልፍ ይችላል። ስለዚህ መርፌው ለአንድ ሰው ብቻ የሚያገለግልና ፊትዎ ከታሸገበት የሚወጣ መሆኑን፣ የቀለሙ ጠርሙስ የአምራቹን ስም፣ የምርት ቁጥርና የማብቂያ ቀን የያዘ መሆኑን ይመልከቱ፤ ቀለሙ በምን እንደሚቀጠንም ይጠይቁ፤ የቧንቧ ውኃ ከሆነ ተነሥተው ይውጡ።

ቅንድብ አሳምሮ መሥራት ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ባለሙያዋን ለማሳነስ አልፈልግም። ነገር ግን ቅንድብ የሚሠራው በጤነኛ ቆዳ ላይ ሲሆን ቀለሙም ከቆዳው እንዲለይ ተፈልጎ ነው፤ ጠባሳ ላይ የሚሠራው ደግሞ በተጎዳ ሥጋ ላይ፣ እንዳይለይ ተፈልጎ። ስለዚህ ቀደም ሲል የሠራቻቸውን ጠባሳዎች እንድታሳይዎት ይጠይቋት፤ የዕለቱን ሳይሆን ከስድስት ወርና ከዓመት በኋላ የተነሡ፣ በተፈጥሮ ብርሃን የታዩ፣ ቆዳቸው የእርስዎን በሚመስል ሰዎች ላይ የተሠሩ ፎቶዎች መሆን አለባቸው። ለምጽ እንዳለብዎት ስትሰማ ስለ መርጋቱ ጠይቃዎት ነበር? ከደብዳቤዎ እንደተረዳሁት አልጠየቀችም፤ ለእኔ ይህ አንዱ ነገር ብቻውን ሌላ ሰው ለመፈለግ በቂ ነው። ከቆዳ ሐኪም ወይም ከቃጠሎ ሕክምና ክፍል ጋር አብሮ የሚሠራ ባለሙያ ካገኙ ያን ያስቀድሙ።

እጅዎን በታጠቡ ቁጥር የሚለቀው ክሬም እንዳሰለችዎት ጽፈዋል። ለክንድዎና ለከንፈርዎ ዳር ውኃ የማያስለቅቃቸው ለጠባሳና ለለምጽ ተብለው የተዘጋጁ መሸፈኛ ክሬሞች አሉ፤ ተቀብተው በዱቄት ሲረጉ ከተራ የመዋቢያ ክሬም ይልቅ ይቆያሉ። ለጣቶችዎ ደግሞ ዳይሃይድሮክሲአሴቶን የተባለው ንጥረ ነገር ያለባቸውን ቀለም ሰጪ ቅባቶች መሞከር ይቻላል። ይህ ንጥረ ነገር በላይኛው የቆዳ ንብርብር ላይ ካሉት የሞቱ ሕዋሳት ጋር ተዋሕዶ ቡናማ ቀለም ስለሚሰጥ መታጠብ ወዲያውኑ አያነሣውም፤ ቆዳው ሲረግፍ በቀናት ውስጥ ይሄዳል፤ ቁስልም አያስከትልም። ከፀሐይ ግን አይከላከልም። ቀለሙን ማመሳሰል ትዕግሥት ይጠይቃል፣ መጀመሪያ በትንሽ ቦታ ይሞክሩት። ሌላም ጥቅም አለው፤ ክንድዎን ለጥቂት ሳምንታት እንዲህ ሸፍነው ሲቆዩ፣ ብልጭታው ሳይጠፋ ቀለሙ ብቻ የለዘበ ጠባሳ ያሳርፍዎት እንደሆነ ያለ መርፌ ማወቅ ይችላሉ።

ቀኑ ደርሶ ንቅሳቱን ካሠሩም፣ ነፍሰ ጡር ከሆኑ ይቆይ፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከወሰዱ ወይም ስኳር ካለብዎት አስቀድመው ይናገሩ። ቅርፊቱን አይላጡት፤ እስኪድን ድረስም ከፀሐይና ከመዋኛ ይራቁ። ብረት ያለበት ቀለም በኤምአርአይ ምርመራ ጊዜ አልፎ አልፎ የማቃጠል ስሜትና እብጠት ስለሚያመጣ፣ ወደፊት ይህን ምርመራ ቢያደርጉ ንቅሳት እንዳለብዎት ለመርማሪው ይንገሩ፤ የቆዳ መሰል ንቅሳት ስለማይታይ ማንም አይቶ አይጠይቅዎትም።

በዚህ ሳምንት የሚጀምሩት ነገር ፎቶ ማንሣት ይሁን። ከንፈርዎን፣ ጣቶችዎን፣ ጉልበትዎንና የክንድዎን ጠባሳ ዙሪያ በአንድ ዓይነት ብርሃን፣ ከአንድ ርቀት፣ ማስመሪያ አጠገቡ አድርገው ያንሡና በየወሩ ይድገሙት፤ ለምጽ መርጋቱንና አለመርጋቱን ከማስታወስ ይልቅ ፎቶ በትክክል ይናገራል። ያቋረጡትን ቅባት ስም፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደተቀቡት፣ የጆሮዎ ጠባሳ መቼ እንደታከመም በወረቀት ይጻፉና ከፎቶዎቹ ጋር ይዘው ወደ ቆዳ ሐኪም ይሂዱ።